የሩስያው ፊልም በአባቴ ትርጉም

አባቴ ኮሎምበስ የገባው በ2020 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነበር። ደርሶ መልስ ቲኬት ይዞ ነው የመጣው። የልጅ ልጁን አይቶ፣ ባለቤቴ የገዛችለትን ስኒከር ተጫምቶ፣ አዲስ አበባ ላሉ ጡረተኛ ጓደኞቹ የሚያወራው በቂ የአሜሪካ ነቀፋ ሰብስቦ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ነቀፋውን በመጀመሪያው ሳምንት ሰበሰበ። ሊመለስ ሲል ግን በረራው ተሰረዘ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የስቴቱ ገዥ በቴሌቪዥን ወጥተው ከቤት አትውጡ አሉ። አባቴም ካናል ዊንቸስተር ባለው ቤታችን ከአማቴ ጋር ተቆልፎ ቀረ።

“ከአማቴ ጋር” የሚለው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አማቴ ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ አብረውን ይኖራሉ። ጴንጤ ናቸው፤ የድሮዎቹ ዓይነት። ባላቸው ናዝሬት መምህር ነበሩ። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ በቤታቸው ሰው ሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ታሰሩ። ሲፈቱ ጤና አልነበራቸውም፤ ባለቤቴ ትምህርት ቤት ሳትገባ ሞቱ። አማቴ ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሴት አይደሉም። ከእሱ የቀረው ምልክት አንድ ብቻ ነበር፤ “ጓድ” የሚለውን ቃል በቀልድ እንኳ ቤት ውስጥ ማንሳት አይቻልም።

አባቴ ደግሞ በዚያው ዘመን መንግሥት ሶቪየት ኅብረት ልኮት የእርሻ መሣሪያ ምሕንድስና ይማር ነበር። በሠርጋችን ቀን ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። አማቴ ጨዋታ ለመጀመር ብለው፣ “የት ነው የተማሩት?” አሉት።

“ሶቪየት ኅብረት” አለ አባቴ፣ ማዕረግ እንደሚናገር ሰው።

“አሃ” አሉና ፊታቸውን ወደ ኬኩ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በስልክ “እንዴት ነዎት?” “እግዚአብሔር ይመስገን” ከመባባል አላለፉም። አሁን ግን አንድ መታጠቢያ ቤት ሊጋሩ ነው።

እኔ የሰፈራችን ዌርሃውስ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም። ሁለታችንም “ኢሴንሺያል” ተባልን። ትርጉሙ ሌላው ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እናንተ ውጡ ማለት እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ቤት የሚቀሩት አባቴ፣ አማቴና የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ነበሩ። ልጃችን መኝታ ቤቷን ዘግታ ኦንላይን ትማራለች፤ ወይም እንደዚያ እንድናምን ትፈልጋለች። ሁለቱ አዛውንቶች ሳሎን ውስጥ እንደ ሁለት ጎረቤት አገሮች ድንበር ተካለሉ። ሶፋው የአባቴ ሆነ። የምግብ ጠረጴዛው የአማቴ። እሳቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘርግተው፣ በታብሌታቸው ስብከት ከፍተው፣ ማዳመጫውን በሁለት ጆሯቸው ሰክተው ይቀመጣሉ።

አባቴ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ ሩስያኖቹን አገኘ።

ስለ ሩስያኖቹም መናገር አለብኝ። አባቴ ከትምህርቱ ሲመለስ ይዞ የመጣው ማቀዝቀዣ፣ የግድግዳ ምንጣፍና አንድ ሻንጣ ሙሉ ወፋፍራም መጻሕፍት ነው። ማቀዝቀዣው እስከ ዛሬ ይሠራል። ምንጣፉን ብል በላው። መጻሕፍቱን ከእሱ በቀር ማንበብ የሚችል ሰው ስላልነበረ፣ ስለ እነሱ የሚናገረውን ማረጋገጥ የሚችልም አልነበረም። ጎረቤት ከሚስቱ ቢጣላ፣ “ይሄንን እኮ ሩስያኖቹ ጽፈውታል” ይላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሰርቅ ሩስያኖቹ ጽፈውታል። እኔ በሒሳብ ስወድቅ እንኳ ሩስያኖቹ ቀድመው ጽፈውት ነበር። “እነሱን በራሳቸው ቋንቋ ያላነበበ ሰው፣ ሰውን አያውቅም” ብሎ ሲዘጋ ክርክሩ ያበቃል። እኔም ያደግኩት ሰውን እንደማላውቅ እያወቅኩ ነው።

እና አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ እንባውን እየጠረገ አገኘሁት።

“ምን ሆንክ አባዬ?”

“ልጅህ ፈልጋ አወጣችልኝ” አለ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳየ። “ተማሪ ቤት እያለን ማደሪያው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ያየነው ነው። ከትልቁ መጽሐፍ የተሠራ።”

ከአንድ የታወቀ የሩስያ ልብ ወለድ የተሠራ የድሮ ተከታታይ ፊልም ነበር። ቀለሙ ውኃ የበዛበት ሻይ ይመስላል። አንዱ ክፍል እንደ ሙሉ ፊልም ይረዝማል፤ ግማሹ ደግሞ በረዶና ፈረስ ነው። ንግግሩ በሩስያኛ፤ ሰብታይትል የለውም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ችግር፣ ለአባቴ ደግሞ ሹመት ሆነ። በማግስቱ ጫማዬን ጋራዥ አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ገና ስቀመጥ ማስተርጎም ጀመረ።

ታሪኩ በአባቴ አፍ እንዲህ ነው። በትልቅ ርስት ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጄኔራል አሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ለአንድ ጭምት የገጠር አስተማሪ ታጭታለች። ጥቁር ለብሳ ትንሽ ውሻ የምታቅፍ ሴትዮ ከጄኔራሉ ቤት አትጠፋም፤ እሷ የልጅቷ የክርስትና እናት ናት። ከዚያ ሪዙን ያሾለ መኮንን በፈረስ ይመጣል። ሪዙን ያሾለ ሰው በፈረስ ከመጣ ደግሞ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩስያኛ መቻል አያስፈልግም።

አማቴ ዓለማዊ ፊልም አያዩም። ይህን ቃላቸውን አላጠፉም፤ ይሰሙ ነበር እንጂ አያዩም። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አንዱ ማዳመጫ ከጆሯቸው ወጣ። በሦስተኛው ክፍል ሁለቱም። ወንበራቸው በቀን በቀን እየዞረ ሄደና አንድ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ለጠረጴዛው ጀርባውን ሰጥቶ አገኘሁት።

“ጋሼ” አሉ ድንገት።

አባቴ ደነገጠ። ከሠርጉ ወዲህ በስልክ ከሚባባሉት ሰላምታ ሌላ ቃል ተናግረውት አያውቁም።

“አቤት እትዬ።”

“ይቺ የክርስትና እናት ተብዬ ውሻ ከማቀፍ በቀር ልጅቷን አትመክራትም እንዴ?”

አባቴ ስክሪኑን አየ፤ አማቴን አየ። “ትመክራታለች” አለ። “ይደርሳል፤ እሱ ላይ ነን።”

እውነትም በሚቀጥለው ክፍል ሴትዮዋ ልጅቷን መስኮት አጠገብ አግኝታ አንድ አጭር ነገር ተናገረች፤ ከአራት ቃል አይበልጥም። አባቴ ያንን ሲተረጉም ግን የስብከት ያህል ረዘመ። ስለ መልካም ስም፣ ስለ ወላጅ ምርቃት፣ ስለሚያልፍ ውበት ተናገረ። ሴትዮዋ ከክፍሉ ወጥታ፣ ሠረገላ ተሳፍራ፣ መንገድ ከጀመረች በኋላ እንኳ ምክሯ አላለቀም ነበር።

“ተባረኪ” አሉ አማቴ፣ ለቴሌቪዥኑ።

ችግሩ የመጣው በረቡዕ ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወዲህ ጸሎቱ በዙም ነበር። መሪው የጸሎት ርዕስ ያለው ካለ ብሎ ሲጠይቅ፣ አማቴ ታብሌቱን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ “ወገኖች፣ እዚህ ቤት አንዲት ልጅ አለች” አሉ። “ታጭታ ሳለች ከወታደር ጋር ልትጠፋ ነው። ጌታ መንገዱን እንዲዘጋ አስቡልን።” ሰው ሁሉ አሜን አለ። ብዙዎቹ ማይካቸውን መዝጋት ስለማያውቁ፣ “ውይ፣ ያቺ ትንሿ?” የሚል ድምፅም ከመሀል ተሰማ። አማቴ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር አልሰሙም።

በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ አላርፍ አለ። ሉዊስ ሴንተር የምትኖር የቤተ ክርስቲያን እኅት ኮል አድርጋ፣ “ምንም አትጨነቂ፤ የእኔም ልጅ እንደዚሁ አድርጋኝ ነበር፤ አልፏል” አለቻት። ባለቤቴ ምኑ እንደሆነ ሳትጠይቅ አመስግና ዘጋች። ሌላዋ፣ “ለመሆኑ በስንት ዓመቷ ነው ያጫችኋት? እዚህ አገር እኮ ያሳስራል” አለች። ያኔ ባለቤቴ ደወለችልኝ።

ቤት ስደርስ ፓስተሩ ከክሊንተንቪል ድረስ ነድተው መጥተው ድራይቭዌዩ ላይ ቆመዋል፤ ማስክ አድርገዋል፤ ከልጄ ጋር በሣሩ ማዶና ማዶ ሆነው ይነጋገራሉ።

“ውትድርና ክፉ ሥራ ነው አልልም ልጄ” ይላሉ። “ለሁሉም ግን ጊዜ አለው።”

“ዋት ሶልጀር?” ትላለች ልጄ።

“አውቃለሁ፤ መናገር ያሳፍራል።”

“ዳድ፣ ሰውዬው ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?” አለችኝ በእንግሊዝኛ።

አማቴ ከውስጥ ወጡ። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ግን ወደኋላ አላሉም። “ፓስተር፣ ልጅቷ የእኛ አይደለችም” አሉ። “የጄኔራሉ ናት።”

“የትኛው ጄኔራል?”

“የሩስያው።”

ፓስተሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ማድረግ ያለበት እሱ እንደሆነ ተረዳና፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ነገራቸው። ፓስተሩ ቆመው አዳመጡ። ሰፈሩ ጭር ብሏል፣ አየሩም ደህና ነበር፣ ለረጅም ጊዜም ማንም ታሪክ ነግሯቸው አያውቅም መሰለኝ። ሲያልቅ ማስካቸውን አስተካከሉና፣ “እና ጠፋች?” አሉ።

“ነገ ነው የምናየው” አሉ አማቴ።

ልጅቷ አልጠፋችም። በአባቴ ትርጉም የክርስትና እናቷ ምክር በልቧ ሰርቶ፣ መኮንኑም ተጸጽቶ፣ ሠረገላው ባዶውን ሄደ። እኔ እንኳ ያየሁት ልጅቷ ሠረገላው ውስጥ ስትገባ ነበር። “ልትሰናበተው ነው የገባችው” አለ አባቴ። መኮንኑና አስተማሪው ጫካ ውስጥ ሽጉጥ ሲማዘዙ ደግሞ በመሬት ወሰን ነው የተጣሉት ተባልን። አንድ ቦታ ላይ የርስቱ ወፍጮ ተሰበረ። ያንን አባቴ ቃል በቃል ተረጎመው፤ ቀበቶው የት ጋ እንደ ተበጠሰ፣ ጥርሱ ለምን እንደ ተበላ፣ ሠራተኛው ምን ዓይነት ቅባት እንደጠየቀ ሁሉ። ዓይኑ በራ። ትርጉሙ እንዲያ የጠራበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

እውነቱን ያወጣችው ልጄ ናት፤ አስባበትም አይደለም። ያንኑ ልብ ወለድ እንግሊዞች በቅርቡ ለቴሌቪዥን እንደሠሩት አግኝታ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንደ ስጦታ ከፈተችልን። “አሁን ሁላችንም ይገባናል” አለች። አባቴ ራሱን እንደሚያመው ተናገረ። አማቴ ትራስ አቀበሉት።

በእንግሊዞቹ ፊልም ሩስያውያን ሁሉ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ጥርሳቸው ነጭ ነው፤ ቤታቸው ማሞቂያ ያለው ይመስላል። ታሪኩ ግን ያው ነው። ጄኔራሉ መጡ፣ አስተማሪው መጣ፣ ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ ከነውሻዋ መጣች። ከዚያ ሴትዮዋ ውሻውን ወለል ላይ አስቀምጣ ከጄኔራሉ ጋር ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩ ተዘጋ።

“ጋሼ” አሉ አማቴ።

“አቤት።”

“የክርስትና እናቷ የጄኔራሉ አልጋ ላይ ምን ትሠራለች?”

“እንግሊዞች ናቸዋ!” አለ አባቴ። “እነሱ የሰው ታሪክ ሲነኩ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይጨምራሉ።”

ልጄ ስልኳን አንስታ ትንሽ አነበበች። “ኖ፣ አባባ” አለች። “መጽሐፉም ላይ የጄኔራሉ… ማለቴ ዋይፍ ያልሆነች ናት። ልጅቷ ከመኮንኑ ጋር እንድትጠፋ የምትረዳትም እሷ ናት። ልጅቷም ትጠፋለች። በመጨረሻ ታብዳለች።”

አባቴ እንደዚያ አንሶ አይቼው አላውቅም። አርባ ዓመት ያህል ቤታችን ውስጥ ዳኛ ሆኖ የኖረ ሰው ሶፋው ላይ ትራሱን አቅፎ ተቀመጠ። እኔም መሳቅ እየቻልኩ አልሳቅሁም፤ ከዚያ ይልቅ ለሒሳብ ፈተናዬ ይግባኝ ማለት ይቻል እንደሆነ አሰብኩ።

“አንብበኸዋል?” አልኩት።

“ለውጭ አገር ተማሪዎች ያሳጠሩት አለ” አለ። “እሱን ጀምሬ ነበር። የመማሪያ ክፍላችን ሩስያኛ ሌላ ነው፤ ስለ ሞተር ከሆነ አንድ ቃል አያመልጠኝም። እነዚህ ግን ሲያፈቅሩ በጣም ይፈጥናሉ።”

አማቴ መሳቅ ጀመሩ። አፋቸውን በነጠላቸው ጥግ ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ባለቤቴ ገና ከሥራ ገብታ፣ ከነሥራ ልብሷ በሩ ላይ ቆማ እናቷን በግርምት ታይ ነበር።

“ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ አውቄያለሁ” አሉ። “ሴትዮዋ አንዴ ስታስነጥስ እርስዎ ‘እግዚአብሔርን ፍሪ’ አለቻት ብለው ተረጎሙ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“ለእኔ ብለው እያስተካከሉት መሰለኝ” አሉ። “ሰው ለእኔ ብሎ ሲደክም ካየሁ ቆይቻለሁ።”

አባቴ ያቀፈውን ትራስ ወደ ጎን አኖረ። ለእሳቸው ብሎ ይሁን ወይስ ሳያውቅ ቀርቶ፣ እሱም በትክክል የሚለይ አልመሰለኝም። እሳቸው ግን ለቀጣዩ ፊልም ቃል አስገቡት፤ የሰማውን ብቻ ሊናገር፣ ያልሰማውን አላውቅም ሊል።

ሁለተኛው ተከታታይ የጀመረው በክረምቱ፣ በረዶው ከውጭም ከውስጥም በሆነበት ጊዜ ነው። ይህም ከሌላ ወፍራም መጽሐፍ የተሠራ ነው፤ በሐሰት ተወንጅሎ ስለ ታሰረ አንድ ወጣት ሐኪምና ስለ ሚስቱ። ልጄ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያለው አግኝታ ስለነበር አሠራራችን ተለወጠ። አባቴ መጀመሪያ የሰማውን ይናገራል፤ “‘ልጄ’ አለችው… አላውቅም… ‘ነገ’… አላውቅም… ‘በሩን ዝጋ’።” ከዚያ ልጄ ሰብታይትሉን አንብባ በግማሽ አማርኛ ትሞላለች። ከዚያ አባቴ የእሷን አማርኛ ያርማል። ከዚያ አማቴ የሁለቱንም ሰምተው ምን እንደ ተባለ ይወስናሉ። አንዱን ክፍል ለመጨረስ ሦስት ከሰዓት በኋላ ይፈጅ ነበር። ማንም የሚቸኩልበት ቦታ አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ፣ ሁላችንም ቤት በነበርንበት ቀን፣ ሐኪሙ ከታሰረ በኋላ ሚስቱ ወደ እስር ቤቱ ስትሄድ ደረስን። በረዶ ይጥላል። ምግብ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። በትልቁ በር ላይ ትንሽ መስኮት አለች። ዘበኛው መስኮቷን ከፈተና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

አባቴ አፉን ከፈተ። ልጄም ለማንበብ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

“ተዉት” አሉ አማቴ። “ይሄንን አታስተርጉሙልኝ። የሚላትን አውቀዋለሁ።”

ልጄ በአማርኛ፣ በጣም በዝግታ፣ “ምን ይላታል እማማ?” አለች።

“‘ዛሬ አይገባም፤ ነገ ነይ’ ይላታል። ነገ ስትሄድም ‘ነገ ነይ’ ነው። ምግቡን ይዛ ትመለሳለች፤ መንገድ ላይ አልቅሳ ቤት ስትደርስ ፊቷን ታጥባ ትገባለች፤ ምክንያቱም ጎረቤት ያያል።”

ልጄ ስክሪኑን አየችና ወደ እኔ ዞረች። ሰብታይትሉ ያንኑ ይል እንደነበር ከፊቷ አወቅኩ።

አባቴ ሪሞቱን አንስቶ ፖዝ አደረገው። ሴትዮዋ በሩ ፊት ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ አማቴ ሳይሆን ወደ ምንጣፉ እያየ ተናገረ።

“ያኔ በየሳምንቱ ስብሰባ ነበረን” አለ። “የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማደሪያው ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ከኤምባሲ ሰው ይመጣና ከአገር ቤት የመጣውን ዜና ያነብልናል። አንድ ቀን የመጤ ሃይማኖት ቤቶች ተዘጉ፣ ኢምፔሪያሊስቶች ያሰማሯቸው ተያዙ ብሎ አነበበ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ እትዬ።”

ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። እኔ አባቴን አየሁት፤ ይህን ነገር ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ሩስያኖቹ ጽፈውታል የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚያች ሰዓት ትዝ ያለው አልመሰለኝም።

“ስንት ዓመትዎ ነበር?” አሉ አማቴ።

“ሃያ ሁለት።”

“ብዙ አጨበጨቡ?”

“ሌሎቹ እስኪያቆሙ።”

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሰሙትን ነገር መዝነው እንዳስቀመጡት ዓይነት። ይቅር ብያለሁ አላሉም። አላስቀየሙኝምም አላሉም። እንዲህ ያለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ የሚሰሙ ሴት ስለሆኑ፣ መቼ እንደማይባል የሚያውቁ ይመስለኛል።

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “አሁን ያስቀጥሉት፤ ሴትዮዋ ብርድ ላይ ቆማለች።”

አባቴ አስቀጠለው።

ከዚያ ቀን በኋላ የሁለቱ ነገር እንደ ልብ ወለድ ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። ሶፋው የአባቴ እንደ ሆነ ቀረ፤ ጠረጴዛውም የአማቴ። ስለ ሃይማኖት እንደ በፊቱ አልተስማሙም። እሳቸው እንዲጸልዩለት ጠይቋቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ እንደሚጸልዩለት ደብቀውት አያውቁም። የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን ሰዓት እሳቸው ያስታውሱት ጀመር፤ እሱም የታብሌታቸውን ቻርጀር ሲበላሽ እየፈታ ይጠግናል። ቻርጀር እንደማይጠገን ብንነግረውም ጠገነው። አንዳንዴ ከሥራ ስንገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ሁለቱ በየቦታቸው ሆነው ሲያወሩ እናገኛቸውና፣ እኛ ስንገባ ዝም ይላሉ።

በ2021 በጋ አባቴ ክትባቱን ወስዶ በረራ ተገኘለት። ሻንጣውን ስናዘጋጅ አማቴ ኤርፖርት አብሬ እሄዳለሁ አሉ። እሳቸው ሃይዌይ ስለሚፈሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር መኪና ውስጥ አይገቡም፤ ልጃቸው እንኳ ለነርሲንግ ሆሙ ሥራ ሥልጠና በአውሮፕላን ስትሄድ ሸኝተዋት አያውቁም። ባለቤቴ ይህን አልረሳችውም፤ እኔ ስነዳ እሷ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ላይ እናቷን በጎን ታይ ነበር። አባቴ ከፊት ተቀምጦ ስለ መንገዱ አስፋልት ነቀፋ ይሰበስባል። መግቢያው ላይ ሲሰነባበቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

“ሦስተኛውን ሳንጀምር” አሉ አማቴ።

“ልጅቷ ትተረጉምልዎታለች እትዬ።”

“የሷ ትርጉም አጭር ነው። ሰው ሲያለቅስ ‘ሳድ ነው’ ብላ ታልፋለች።”

“እውነቱ እኮ እሱ ነው” አለ አባቴ፤ ሻንጣውን እየጎተተም ገባ።

ልጄ አባቴ እንዳለው አደረገች። ሦስተኛውን ከአያቷ ጋር ብቻዋን ጨረሰችው። አማርኛዋ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ግን ቃሎቿ ሁሉ የርስት፣ የሠረገላና የእስር ቤት ናቸው። ግሮሰሪ ሄደን አንድ ሰው ሰልፍ ጥሶ ከፊታችን ሲገባ “ይህ ወራዳ!” ብላ በአማርኛ ጮኸች፤ ሰውየው ግን፣ ደግነቱ፣ አበሻ አልነበረም።

በ2022 መጨረሻ ላይ አማቴ እኅታቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄዱ። ወደ አባቴ ቤት ሊሄዱ እንደሆነ የነገሩን ከሄዱ በኋላ ነው። ቅዳሜ ለምሳ ጠርቷቸው፣ ከእኅታቸው ጋር ሄዱ። በማግስቱ ለአባቴ ደወልኩለት።

“እንዴት ነበር?”

“ጥሩ ነው። ዶሮውን አልወደዱትም፤ ጨው አንሶታል አሉ።”

“ምን አወራችሁ?”

ከጀርባው የመንገዱ መኪና ይሰማል።

“ስለ ባላቸው ነገሩኝ” አለ። “ከምሳ በኋላ ጀምረው እስኪመሽ። እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ እንዴት እንደሚስቁ፣ እስር ቤቱ፣ ሁሉንም።”

“አንተስ ምን አልካቸው?”

“ምንም። አዳመጥኩ” አለኝ። ከዚያ እኛ ጋ በረዶው ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ገና ነው አልኩት።